ያረጋገጥኩት ውክልና ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ፤ እጠየቃለሁ?

የዛሬዋ ጠያቂያችን ውልና ማስረጃ ውስጥ ሰነድ አረጋጋጭ ናቸው። ደብዳቤያቸው ረዘም ያለ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ እናቀርባለን።

«ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ የሆነው ካቻምና ነው። አንዲት ሴትዮ መታወቂያና የቤት ካርታ ይዘው መጡ። ቤታቸውን የሚሸጥላቸው ሰው ሊወክሉ ነበር። ወረፋው ረጅም ነበር። አለቃዬም ‹ቶሎ ቶሎ በሉ፣ ሰው ቆሟል› እያለ ይመላለሳል። መታወቂያቸውን አየሁ፤ ውክልናውን አነበብኩላቸው፤ ፈረሙ፤ አረጋገጥኩ። ተወካዩ ቤቱን ሸጠው። በቅርቡ ከውጭ አገር የመጡ ሌላ ሴት ‹ቤቱ የእኔ ነው፣ ለማንም ውክልና አልሰጠሁም› ብለው አመለከቱ። መታወቂያው ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ። እኔ ከማንም አምስት ሳንቲም አልተቀበልኩም። የሴትዮዋ መልክ እንኳ ትዝ አይለኝም። አሁን ፖሊስ ለቃል ጠርቶኛል። ባልደረቦቼ ‹ምንም አላስታውስም ብለሽ ውጪ› ይሉኛል። ባለቤቴ ‹ሥራውን ልቀቂና ተገላገይ› ይለኛል። እታሰራለሁ? የቤቱን ዋጋስ እኔ ነኝ የምከፍለው? እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

እህቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? እንቅልፍ ማጣትዎ አይገርመኝም። በሐቀኝነት ሠርቶ በወንጀል መጠራት ከባድ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። ሰነዱ ፎርጅድ ሆኖ ስለተገኘ ብቻ እርስዎ ጥፋተኛ አይሆኑም። በፖሊስም፣ በፍርድ ቤትም፣ በመሥሪያ ቤትዎም መጀመሪያ የሚጠየቁት አንድ ነገር ነው። ያቺ ሴት ፊትዎ በቆመችበት ሰዓት ማጣራት የነበረብዎትን አጣርተዋል ወይ? የሚያድንዎትም የሚጎዳዎትም የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱ ደግሞ ያለው በአብዛኛው ፋይሉ ውስጥ ነው።

የሚጠብቅዎት ነገር ሦስት ዓይነት ነው። ወንጀል፣ ካሳና ዲሲፕሊን። ሰዎች እነዚህን አንድ ላይ ስለሚቀላቅሏቸው ነው ፍርሃቱ የሚበዛው። ሦስቱም የየራሳቸው መለኪያ አላቸው። በአንዱ ነፃ የወጣ ሰው በሌላው ሊጠየቅ ይችላል።

ከወንጀሉ እንጀምር፤ የሚያስጨንቅዎት እሱ ነውና። ሐሰተኛ ሰነድ መፍጠርም ሆነ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ መገልገል በወንጀል ሕጋችን ከአንቀጽ 375 ጀምሮ የተደነገገ ከባድ ወንጀል ነው። ግን ይህ ወንጀል ሐሳብ ይጠይቃል። ማወቅና መፈለግ ይጠይቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ላይ በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲል ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ተታልለው ያረጋገጡ ከሆነ፣ ተታለሉ እንጂ የማጭበርበሩ ተካፋይ አልሆኑም። መታወቂያውን ያሠራው፣ ያቀረበውና ቤቱን የሸጠው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ግን እንዳይዘናጉ። እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎት። ዐቃቤ ሕግ ነገሩን በሥልጣን አላግባብ መገልገል ብሎ ካየው፣ ወደ ሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊወስደው ይችላል። በሙስና ክስ ደግሞ ሕጉ ግምት ይወስዳል። ድርጊቱ መፈጸሙ ከተረጋገጠ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ ጥቅም ለማግኘት ወይም ለሌላ ለማስገኘት ታስቦ እንደተፈጸመ ይቆጠራል። በሌላ አነጋገር «ምንም አልተቀበልኩም» ማለት ብቻውን ላይበቃዎት ይችላል። ይህን የምነግርዎ ላስፈራራዎት አይደለም። ብዙ ንጹሕ ሰው «እውነቱ ይታወቃል» ብሎ እጁን አጣጥፎ ስለሚቀመጥና ስለሚጎዳ ነው።

ወደ ካሳው ስንመጣ፣ ብዙ ባለሙያ የማያውቀው ጥበቃ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ነገር ግን ጥፋቱን ለሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው የሥራ ጥፋት ነው፤ ሁለተኛው የግል ጥፋት። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል። መንግሥትም ከከፈለ በኋላ ወደ ሠራተኛው ሊመለስ ይችላል። የግል ጥፋት ከሆነ ግን መንግሥት የለበትም፤ ሠራተኛው ብቻውን ይቆማል።

የትኛው ነው የእርስዎ? አንቀጽ 2127 ይመልሰዋል። ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እየሠራ መሆኑን በቅን ልቦና አምኖ ያደረገው ከሆነ የሥራ ጥፋት ነው። እንዲያውም ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ በቅን ልቦና እንደሠራ ይገመታል። አዩት ልዩነቱን? በሙስና ክስ ላይ ግምቱ በእርስዎ ላይ ሊዞር ይችላል። በካሳ ክስ ላይ ግን ግምቱ ከእርስዎ ጋር ነው። ስለዚህ ጥፋት ተገኘ ቢባል እንኳ፣ የቤቱን ዋጋ ከነሙሉው ከደሞዝዎ ይከፍላሉ ብሎ አስቀድሞ መደምደም ትክክል አይደለም። ተጎጂው መንግሥትንም ሊጠይቅ ይችላል።

ጥፋት አለ ወይስ የለም የሚለው ግን ገና አልተመለሰም። እዚህ ላይ ሁለት አንቀጾችን ልብ ይበሉ። አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲያከብር ያዝዛል። አንቀጽ 2035 ደግሞ ግልጽ የሆነ ሕግ ወይም ደንብ የጣሰ ሰው አጥፍቷል ይላል፤ ሕጉን አላውቅም ማለትም አያድንም። ስለዚህ ዳኛው የሚያነጻጽረው እርስዎ ያደረጉትን ከሰነድ ማረጋገጥና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 እና ከመሥሪያ ቤትዎ የአሠራር መመሪያ ጋር ነው። ሰው ማንነቱን እንዲያሳይ ጠይቀዋል? ለመፈረም ሕጋዊ ችሎታ እንዳለው አጣርተዋል? በንብረቱ ላይ መብት እንዳለው አይተዋል? ይዘቱን አስረድተዋል? እነዚህ የሥራዎ አጥንት ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ዘልለው ከሆነ፣ ቅንነትዎ የሥራ ጥፋት ያደርገው ይሆናል እንጂ ጥፋቱን አያጠፋውም።

ሕጉ ለምን ይህን ያህል ይከብድብናል ሊሉ ይችላሉ። ምክንያቱ ለማህተምዎ የሰጠው ክብደት ነው። ያረጋገጡት ሰነድ ለይዘቱ የመጨረሻ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። ሊቃወመው የሚፈልግ ሰው በቂ ምክንያት አቅርቦ ፍርድ ቤት ካላስፈቀደ በቀር መቃወም አይችልም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ፣ ማለትም እንደ እርስዎ ባለ ሰነድ አረጋጋጭ፣ ፊት መደረግ አለበት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጽንቶታል። እንግዲህ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ የሠራው ቤት በእናንተ ጠረጴዛ በኩል ካላለፈ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ከውጭ የመጡትን እናት ያስቧቸው። እሳቸው ጠረጴዛዎ ጋ ቀርበው ራሳቸውን ሊከላከሉ አይችሉም ነበር። በዚያ ሰዓት ስለ እሳቸው የሚጠይቅ ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ ነበሩ። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። ሥራዎ ምን ያህል ክቡር እንደሆነ በዚህ ይታያል።

ማንነት ማጣራት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ ላስፋው። ብዙ ፎርጅድ የሚያልፈው በረቀቀ ሥራው አይደለም፤ ስላልታየ ነው። መታወቂያው ሲቀርብ ፎቶው ላይ ያረፈውን ማህተም ጠርዙን ይዩት። ክቡ ከፎቶው ወደ ካርዱ ሲሻገር መስመሩ ይገጥማል? ወይስ ፎቶው ላይ ያለው ቅስት ከካርዱ ላይ ካለው በጥቂቱ ሸሽቷል? ላሚኔቱ ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ ይመስላል? የተሰጠበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን ይጣጣማል? ከዚያ ካርዱን በእጅዎ እንደያዙ ቀና ብለው ሰውየውን ያነጋግሩ። «የእናትዎ ስም ማን ይባላል? ቤቱን መቼ ነው ያገኙት? በስንት ካሬ ላይ ነው ያረፈው? ተወካዩ ምንዎ ነው?» እውነተኛ ባለቤት እነዚህን እንደ ወሬ ይመልሳቸዋል። ያጠና ሰው ግን ካርታው ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ወጣ ሲሉ ዓይኑ ወደ ተወካዩ ይሄዳል። ደግሞ ተወካዩ ከጎን ሆኖ የሚመልስ ከሆነ ወጣ ብሎ እንዲጠብቅ ያድርጉ።

አሁን ፋይዳ መጥቷል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ በኋላ ማንነት በጣት አሻራ፣ በዓይን አይሪስና በፊት ምስል ሊጣራ ይችላል። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን የማሽኑ «ትክክል ነው» ማለት ሰውየው በነፃ ፈቃዱ መምጣቱን ወይም የሚፈርመው ገብቶት መሆኑን አይነግርዎትም። ያ የእርስዎ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል።

የውክልናውንም ቃል መልሰው ያንብቡት። ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ነው። ቤት ለመሸጥ በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ያረጋገጡት ወረቀት ላይ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ ካልተጻፈና የሽያጩን ውል ሌላ ባልደረባ አረጋግጦት ከሆነ፣ ጥያቄው ወደዚያም ይሄዳል። ይህ ወሳኝ ነጥብ ሊሆን ይችላል።

አለቃዎ «ቶሎ ቶሎ» ማለቱን ጽፈዋል። ይህን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ይጠንቀቁ። የአለቃ ትእዛዝ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ ሰው በአንቀጽ 2036 አይድንም። «ቶሎ በሉ» ደግሞ «አታጣሩ» ማለት አይደለም። ስለዚህ መከላከያ አድርገው አያቅርቡት። የሥራውን ጫና ለማሳየት ግን ይጠቅማል። በዚያ ቀን ስንት ሰነድ እንዳስተናገዱ ከመዝገቡ ይወጣል። አንድ ሠራተኛ በደቂቃዎች ውስጥ አንድ ሰነድ እንዲጨርስ የሚያደርግ አሠራር ካለ፣ የተቋሙ ጥፋት ነው የሚባለው ነገር ያንን ይጨምራል። ይህን የሚሉት ግን በቁጥር እንጂ በስሜት አይሁን።

አሁን ወደ ፖሊስ ጣቢያው። መጥሪያውን በደንብ ያንብቡት። የተጠሩት እንደ ምስክር ነው ወይስ እንደ ተጠርጣሪ? ካልተጻፈ ከመናገርዎ በፊት ይጠይቁ። ተጠርጣሪ ከሆኑና ከተያዙ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ያለመናገር መብት አለዎት፤ በግድ ሊያናግርዎት የሚችል የለም። ጠበቃዎን የማነጋገር መብትም አለዎት። ፍርድ ቤት ከቀረቡም ጥፋተኛ እስኪባሉ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራሉ፤ አንቀጽ 20 ነው። ቃልዎ ሲጻፍ ሳያነቡ አይፈርሙ። ያላሉት ነገር ካለ ይታረምልኝ ይበሉ። ሌላ ሰው ወረቀት ሳያነብ እንዲፈርም አይፈቅዱም አይደል? ለራስዎም ያንኑ ያድርጉ።

ባልደረቦችዎ የመከሩዎትን አይስሙ። «ምንም አላስታውስም» ብሎ መውጣት ብልጠት ይመስላል። የሚያስታውሱትን አላስታውስም ካሉ ግን ይዋሻሉ፤ ያ ውሸት ደግሞ በኋላ በመዝገብ ሲጋለጥ ቅንነትዎን ይዞት ይሄዳል። ቅንነትዎ አሁን ትልቁ ሀብትዎ ነው። ይልቅ እውነቱን ለያይተው ይናገሩ። የሴትዮዋን መልክ አላስታውስም፤ ይህ እውነት ነው፣ ማንም አያስገድድዎትም። አሠራሬ ግን ይህ ነው፤ መታወቂያ እቀበላለሁ፣ ከካርታው ጋር አመሳክራለሁ፣ አነብላቸዋለሁ፣ ፊቴ ይፈርማሉ። በዚህ ሰነድ ላይ ያደረግኩት ደግሞ ፋይሉ ላይ ያለው ነው። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። «እርግጠኛ ነኝ» ማለት የሚችሉት እርግጠኛ የሆኑበትን ብቻ ነው።

ስለ ፋይሉ ደግሞ በጣም አጥብቄ የምነግርዎት አለ። ፋይሉን አይንኩት። የጎደለ ኮፒ አያስገቡበት። ያልተፈረመበት ቦታ ላይ አይፈርሙ። «ያን ቀን ያየሁት ነው» ብለው ማስታወሻ አይጨምሩበት። ከሲስተሙም ምንም አይሰርዙ። እስካሁን ያለዎት ነገር ቢበዛ የጥንቃቄ ጉድለት ነው። ሰነዱን ዛሬ ካስተካከሉት ግን እስካሁን ያልነበረ ሐሳብ ይፈጠራል፤ የወንጀሉ በርም በራስዎ እጅ ይከፈታል። ንጹሕ የነበረ ሰው በድንጋጤ እንዲህ አድርጎ የሚገባበት ነገር ያሳዝናል። የሚያስፈልግዎት ቅጂ ነው። ለቅርብ ኃላፊዎ በደብዳቤ ይጠይቁ። የማረጋገጫ መዝገቡ፣ የቀረበው መታወቂያ ኮፒ፣ ካርታው፣ የእግድ ማጣሪያው (ቤቱ አለመታገዱ የተጣራበት ወረቀት) ካለ እሱም፣ በወቅቱ ሥራ ላይ የነበረው መመሪያ፣ የዚያን ቀን የሥራ ብዛት። ደብዳቤዎን መዝገብ ቤት አስገብተው ቀሪው ላይ ማህተም ያስመቱ።

ቅጂው ሲደርስዎ ለብቻዎ ቤት ቁጭ ብለው የሆነውን በቅደም ተከተል ይጻፉ። ይህ ለጠበቃዎ ነው፤ ለማንም አይስጡት። የሚያስታውሱትን ለብቻ፣ ከፋይሉ ያገኙትን ለብቻ፣ ሰው የነገረዎትን ለብቻ ያድርጉት። ሦስቱን ማደባለቅ ነው ሰውን ችሎት ላይ የሚያንተባትበው።

ስለ ከሳሾችም ትንሽ ልበል። እርስዎ የሚፈሩት እውነተኛዋን ባለቤት ነው። ነገር ግን ካሳ የሚጠይቅዎ ገዢው ሊሆን ይችላል። ባለቤቷ ሥልጣን ባልሰጡት ሰው የተደረገውን ሥራ አልቀበልም የማለት መብት አላቸው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2190። በቅን ልቦና የገዛን ሰው የሚጠብቀው አንቀጽ 1161 ደግሞ ለተንቀሳቃሽ ዕቃ ነው። ቤቱ ወደ ባለቤቷ ከተመለሰ ገንዘቡን ያጣው ገዢው ነው። እሱም አጭበርባሪውን ካላገኘው በእጁ የሚያገኘውን ይከሳል። ይህን አስቀድመው ይወቁት። የካሳ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ነገሩ ካቻምና ሆነ ብለው ጊዜው አልፏል እንዳይሉ ግን። ጉዳቱ ወንጀል ከሆነና ወንጀሉ ረዘም ያለ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ካለው፣ የሚሠራው የወንጀሉ ይርጋ ነው።

ዲሲፕሊኑን በአጭሩ ልለፈው። መሥሪያ ቤቱ ቢከስዎት ክሱ በጽሑፍ እንዲደርስዎት፣ መልስ እንዲሰጡና ማስረጃ እንዲያቀርቡ ይጠይቁ። ውሳኔው ካላስደሰተዎት ለመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ። ቀነ ገደቡን እንዳያሳልፉ ብቻ። ለወንጀሉ ያዘጋጁትን መልስ ሳያገናዝቡ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ሌላ ነገር አይጻፉ፤ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ቀን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

የባለቤትዎን ሐሳብ ከፍቅር እንደመጣ አውቃለሁ። ግን ሥራ መልቀቅ ከዚህ ጉዳይ አያስወጣዎትም። ኃላፊነቱ የሚለካው ሰነዱን ባረጋገጡበት ቀን ነው እንጂ ክሱ በሚመጣበት ቀን አይደለም። እንዲያውም አሁን ከወጡ ከመዝገቡና ከመመሪያው ይርቃሉ፤ ምስክር የሚሆኑልዎት ባልደረቦችም ይበተናሉ። መልቀቅ ከፈለጉ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ በሰከነ ልብ ይወስኑ።

እስከዚያው በጠረጴዛዎ ላይ አንድ ልማድ ይጀምሩ። የቤት፣ የመኪና ወይም የአክሲዮን ውክልና ሲመጣ ያጣሩትን በአንድ ወይም በሁለት መስመር ፋይሉ ላይ በዚያው ሰዓት ያስፍሩ። «መታወቂያው ከካርታው ጋር ተመሳክሯል፤ ወካይዋ ለብቻቸው ተጠይቀው አስረድተዋል፤ ይዘቱ ተነቦላቸዋል።» ቀንና ፊርማ። ጥርጣሬ ካለዎት ደግሞ አያረጋግጡ፤ ምክንያቱን ጽፈው ይመልሱ። ባለጉዳይ ይቆጣል፤ አለቃም ሊያጉረመርም ይችላል። ያ ቁጣ በዚያው ቀን ያልፋል።

የመጥሪያው ቀን ቅርብ ስለሆነ ነገ ሁለት ነገር ይሥሩ። የቅጂ ጥያቄ ደብዳቤውን ያስገቡ። ከዚያ በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም የሚሠራ ጠበቃ ያግኙ፤ መሥሪያ ቤትዎ የሕግ ክፍል ካለውም ያሳውቁ። የሕግ ክፍሉ ግን በቅድሚያ የሚቆመው ለመሥሪያ ቤቱ ነው። ጥፋቱ የሥራ ነው ወይስ የግል በሚለው ላይ የእርስዎና የመሥሪያ ቤቱ ጥቅም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ የራስዎ ጠበቃ ይኑርዎት፤ ወደ ፖሊስም ከእሱ ጋር ይሂዱ።